«ሲ» መቼ «ክ»፣ መቼ «ስ» ይሆናል? «ጂ»ስ መቼ «ግ»፣ መቼ «ጅ»? ሁለት ድምፅ ያላቸውን የእንግሊዝኛ ፊደላት ለይቶ የማንበቢያና የመጻፊያ መመሪያ

እንግሊዝኛ ከሚማሩ ሰዎች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። አጠያየቁ ቢለያይም ፍሬ ነገሩ ያው ነው፤ «ሰርከስ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ሲ» የተባለው ፊደል ሁለት ጊዜ ይገባበታል፤ ታዲያ የመጀመሪያው «ስ»፣ ሁለተኛው «ክ» ተብሎ የሚነበበው በምን ምክንያት ነው? ሌላው ደግሞ «ጂኦግራፊ»ን ይዞ ይመጣና አንዱ «ጂ» «ጅ»፣ ሌላው «ግ» የሆነበትን ምክንያት ይጠይቃል። መልሱን ለእያንዳንዱ በቃል ከመደጋገም በቅደም ተከተል ጽፎ ማስቀመጡ ስለሚሻል ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ድምፆች ለማውጣት አይቸገርም፤ «ክ»፣ «ስ»፣ «ግ» እና «ጅ»፣ ከእነሱም ጋር የሚመጡት «ሽ» እና «ዥ» ሁሉም በአፉ ያሉ ናቸው። ችግሩ ያለው ከዓይን ላይ ነው። በፊደላችን አንድ ድምፅ የራሱ ምልክት ስላለው አንባቢ ፊደሉን እንዳየ ድምፁን ያወጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሲ»ን ወይም «ጂ»ን ያየ አንባቢ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ሳያይ አፉን መክፈት የለበትም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ይህንን ልማድ ለመትከል የተዘጋጁ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና ቀለማቸው የተለያየ ሁለት እስክሪብቶዎች። እኔ ለጠንካራው ድምፅ ሰማያዊ፣ ለለስላሳው ቀይ እጠቀማለሁ።
- ቃላትን በድምፅ የሚያሰማ መዝገበ ቃላት፤ በስልክ ላይ የሚጫነው ይበቃል።
- አንድ ገጽ የሚሆን፣ ሊጻፍበትና ሊሰመርበት የሚችል ማንኛውም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ።

ስለ አጻጻፉ

በዚህ መመሪያ ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃላትን ፊደል በፊደል የማሳየው በፊደሎቹ ስም ነው። ለምሳሌ ድመት ማለት የሆነው ቃል «ሲ-ኤ-ቲ» ተብሎ ይቀርባል። እያነበቡ በደብተርዎ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገልብጡት፤ እጅ የጻፈውን ዓይን አይረሳውም። የአናባቢዎቹን ስም ግን እንዳያምታቱ ይጠንቀቁ፤ በፊደል ተራው መጀመሪያ ላይ ያለው «ኤ»፣ አምስተኛው «ኢ»፣ ዘጠነኛው «አይ» ይባላል። በዚህ ላይ ሃያ አምስተኛውን፣ «ዋይ»ን ይጨምሩ። «ኤ»ን እና «ኢ»ን ያቀያየረ አንባቢ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ተገልብጦ ይታየዋል።

ማስጠንቀቂያ

«ጠንካራ» እና «ለስላሳ» የሚሉት መጠሪያዎች በአማርኛ ሰዋስው ከምናውቀው መጥበቅና መላላት ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። «አለ» የሚለው ቃል ሲጠብቅ «ይገኛል»፣ ሲላላ «ተናገረ» የሚል ትርጉም ይኖረዋል፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ድምፁ ያው «ል» ነው። እዚህ የምንነጋገረው አንድ ፊደል ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ድምፆችን ስለሚወክልበት ሁኔታ ነው። የ«ሲ» ጠንካራ ድምፅ «ክ»፣ ለስላሳው «ስ» ነው፤ የ«ጂ» ጠንካራ ድምፅ «ግ»፣ ለስላሳው «ጅ» ነው። ጠንካራ ተባለ ተብሎ «ክ»ን ማጥበቅ ወይም ወደ «ቅ» መውሰድ ስህተት ነው።

እርምጃ 1፦ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ይመልከቱ

መሠረታዊው ሕግ አጭር ነው። ከ«ሲ» ወይም ከ«ጂ» ቀጥሎ «ኢ»፣ «አይ» ወይም «ዋይ» ከመጣ ድምፁ ለስላሳ ይሆናል። ሌላ ማንኛውም ፊደል ከተከተለ፣ ወይም ቃሉ እዚያው ላይ ካበቃ ድምፁ ጠንካራ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ከፈለጉ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ካ፣ ኪ፣ ካ፣ ኪ» ይበሉ። «ካ» ሲሉ ምላስዎ ላንቃዎን ወደ ኋላ፣ ጉሮሮ አካባቢ ይነካዋል፤ «ኪ» ሲሉ ደግሞ ወደ ፊት ይሳባል። «ኢ»ን የመሰሉ አናባቢዎች ምላስን ወደ ፊት ስለሚጎትቱ ከፊታቸው ያለውን ተነባቢ አብረው ይጎትቱታል። ይህ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ለወንድ «ክፈት» ያልነውን ለሴት «ክፈቺ»፣ «ውሰድ»ን «ውሰጂ»፣ «ጨርስ»ን «ጨርሺ»፣ «ያዝ»ን «ያዢ» እንላለን፤ መጨረሻ ላይ የመጣችው «ኢ» ተነባቢውን ለወጠችው ማለት ነው። ልዩነቱ እኛ ለውጡን በፊደል መጻፋችን ነው። በእንግሊዝኛ ድምፁ ይለወጣል፣ ፊደሉ ግን ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ ለውጡን የሚያውቀው አንባቢው ነው።

ሕጉን በአንድ ቃል ላይ ቀስ ብለን እንሞክረው። ብስክሌት በእንግሊዝኛ «ቢ-አይ-ሲ-ዋይ-ሲ-ኤል-ኢ» ተብሎ ይጻፋል። ጣትዎን በመጀመሪያው «ሲ» ላይ ያድርጉና ወደ ቀኝ ይመልከቱ፤ «ዋይ» አለ፣ ስለዚህ «ስ» ነው፤ በቀይ ያስምሩበት። ወደ ሁለተኛው «ሲ» ይሂዱ፤ ቀጥሎ ያለው «ኤል» ነው፣ እሱም ከሦስቱ አንዱ አይደለም፣ ስለዚህ «ክ» ነው፤ በሰማያዊ ያስምሩበት። አሁን «ብስክሌት» የሚለውን የአማርኛ ቃል በቀስታ ይጥሩት፤ «ስ» ቀድሞ «ክ» ይከተላል። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ የሁለቱን ድምፆች ቅደም ተከተል እንደያዘ ነው የገባው።

በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ብዙ የውሰት ቃላት ለዚህ ሕግ ምስክር ይሆናሉ። «ሰርቲፊኬት» «ሲ-ኢ-አር-ቲ-አይ-ኤፍ-አይ-ሲ-ኤ-ቲ-ኢ» ነው፤ «ኢ» የተከተለው «ሲ» «ሰ» ሲሆን «ኤ» የተከተለው «ኬ» ሆኗል። «ኤጀንሲ» «ኤ-ጂ-ኢ-ኤን-ሲ-ዋይ» ነው፤ ሁለቱም ፊደላት ለስልሰዋል። «ሎጂክ» «ኤል-ኦ-ጂ-አይ-ሲ» ነው፤ «ጂ» ከ«አይ» በፊት ስለመጣ «ጅ»፣ «ሲ» በቃሉ መጨረሻ ስላለ «ክ» ሆኗል። «ሲጋራ» ከሚለው ቃል ጋር የሚቀራረበው የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ «ሲ-አይ-ጂ-ኤ-አር» ነው፤ «ሲ» ለስልሶ «ጂ» ጠንክሯል። በየእርምጃው አዲስ ቃል ከመሸምደድ በፊት እንዲህ ያሉ ቀድመው የሚያውቋቸውን ቃላት ይፈትሹ።

እርምጃ 2፦ «ሲ»ን ብቻ ለይተው ይለማመዱ

ባዘጋጁት ገጽ ላይ ያለውን «ሲ» ሁሉ ያክብቡ፤ ቀጥሎም በሕጉ መሠረት በሁለቱ ቀለማት ያስምሩ። በ«ሲ» የምንጀምረው ሕጉ በእሷ ላይ ከሞላ ጎደል ስለማይዛነፍ ነው፤ ከ«ጂ» የጀመረ ሰው ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ልዩ ቃል ገጥሞት ሕጉን ይጠራጠራል። ሲያስምሩ የሚከተሉትን ጥምረቶች ለይተው ይያዙ።

ከ«ሲ» ቀጥሎ «ኤች» ካለ ይዝለሉት። ሁለቱ ተጣምረው የራሳቸው ድምፅ ስላላቸው ይህ ሕግ አይመለከታቸውም። «ሲ-ኬ» ሁልጊዜ «ክ» ነው።

ሁለት «ሲ» ተከታትለው ሲመጡ እያንዳንዱን ለየብቻ ይዳኙ። አደጋ ማለት የሆነው ቃል «ኤ-ሲ-ሲ-አይ-ዲ-ኢ-ኤን-ቲ» ነው፤ የመጀመሪያው «ሲ» ቀጥሎት ሌላ «ሲ» ስላለ ጠንካራ፣ ሁለተኛው «አይ» ስላለ ለስላሳ ነው፤ በአንድነት «ክስ» ተብለው ይነበባሉ። «ኤስ-ዩ-ሲ-ሲ-ኢ-ኤስ-ኤስ»፣ ማለትም ስኬት፣ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። «ኤ-ሲ-ሲ-ኦ-ዩ-ኤን-ቲ» በሚለው፣ ሂሳብ በሚባለው ቃል ግን ሁለቱም ጠንካራ ስለሆኑ አንድ «ክ» ብቻ ይሰማል። እግር ኳስን የሚመለከተው «ኤስ-ኦ-ሲ-ሲ-ኢ-አር» ከዚህ ያፈነግጣል፤ «ሶከር» ነው የሚባለው። እኔ ራሴ ሕጉን አጥብቄ ይዤ ሰው በተሰበሰበበት «ሶክሰር» ብዬ አንብቤያለሁ፤ የሳቁ ድምፅ ቃሉን እስከ ዛሬ እንዳልረሳው አድርጎኛል።

«ኤስ-ሲ» ተከታትለው ከሦስቱ ፊደላት በአንዱ ፊት ሲቆሙ አንድ «ስ» ብቻ ይሰማል፤ «ሳይንስ» የሚለው «ኤስ-ሲ-አይ-ኢ-ኤን-ሲ-ኢ» ጥሩ ማሳያ ነው። ጡንቻ ማለት በሆነው «ኤም-ዩ-ኤስ-ሲ-ኤል-ኢ» ውስጥ ያለው «ሲ» ግን «ኤል» ቢከተለውም አይነበብም፤ ይህንን በቃል መያዝ ያስፈልጋል።

እርምጃ 3፦ «ሲ» ወደ «ሽ» የሚለወጥበትን ቦታ ይለዩ

ከ«ሲ» ቀጥሎ «አይ» ወይም «ኢ» መጥቶ ከእሱም በኋላ ወዲያው ሌላ አናባቢ ከተከተለ፣ ክፍሉም በቃሉ መጨረሻ አካባቢ ጭነት የሌለበት፣ ማለትም ጎላ ተደርጎ የማይጠራ ከሆነ፣ ድምፁ ብዙ ጊዜ «ሽ» ይሆናል። ልዩ ማለት የሆነው «ኤስ-ፒ-ኢ-ሲ-አይ-ኤ-ኤል»፣ ውቅያኖስ ማለት የሆነው «ኦ-ሲ-ኢ-ኤ-ኤን»፣ ሙዚቀኛ ማለት የሆነው «ኤም-ዩ-ኤስ-አይ-ሲ-አይ-ኤ-ኤን» ሁሉም በ«ሽ» ይነበባሉ። «ጨርስ» «ጨርሺ» የሆነበትን ካስታወሱ ይህ አይከብድዎትም። ይህ እርምጃ የተለየ ትኩረት የሚሻው ስህተቱ ስለሚሰማ ነው፤ «ስፔሺያል» እያሉ «አይ»ን እንደገና ማንበብ በብዙዎች ላይ ይታያል። «አይ» ሥራዋን «ሲ»ን በመለወጥ ጨርሳለች፤ ለብቻዋ አትነበብም።

እርምጃ 4፦ ወደ «ጂ» ይሻገሩ፤ ልዩ ቃላቱን ግን በዝርዝር ይያዙ

እዚህ ላይ ሥራው ይከብዳል። «ኤ»፣ «ኦ»፣ «ዩ» ወይም ተነባቢ የተከተለው «ጂ» ጠንካራ መሆኑ ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ነው። «ኢ»፣ «አይ» ወይም «ዋይ» ሲከተለው ግን ይለሰልሳል ተብሎ የሚጠበቀው ፊደል በጣም በሚዘወተሩ ቃላት ላይ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል።

የሚከተሉትን በሰማያዊ ቀለም በደብተርዎ ላይ ይጻፉ፤ ሁሉም በ«ግ» ይነበባሉ፦

- ማግኘት፦ «ጂ-ኢ-ቲ»፤ ከእሱም የወጣው መርሳት፦ «ኤፍ-ኦ-አር-ጂ-ኢ-ቲ»
- መስጠት፦ «ጂ-አይ-ቪ-ኢ»፤ ስጦታ፦ «ጂ-አይ-ኤፍ-ቲ»
- ልጃገረድ፦ «ጂ-አይ-አር-ኤል»
- መጀመር፦ «ቢ-ኢ-ጂ-አይ-ኤን»
- ማርሽ፦ «ጂ-ኢ-ኤ-አር»
- ነብር፦ «ቲ-አይ-ጂ-ኢ-አር»
- ጣት፦ «ኤፍ-አይ-ኤን-ጂ-ኢ-አር»
- ረሃብ፦ «ኤች-ዩ-ኤን-ጂ-ኢ-አር»
- ዒላማ፦ «ቲ-ኤ-አር-ጂ-ኢ-ቲ»
- በአንድነት፦ «ቲ-ኦ-ጂ-ኢ-ቲ-ኤች-ኢ-አር»

ዝርዝሩን ሲያዩት አንድ ነገር ይታይዎታል፤ አብዛኞቹ አጫጭርና የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። ስለዚህ የማያውቁት ቃል ሲገጥምዎ፣ ቃሉ ረዘም ያለና የትምህርት ወይም የሳይንስ ቃል ከሆነ በሕጉ መሠረት «ጅ» ብለው ይገምቱ፤ አጭርና የቤት ውስጥ ንግግር ቃል ከሆነ ግን ከማንበብዎ በፊት መዝገበ ቃላቱን ያዳምጡ። እንደ «ባዮሎጂ» ያሉ በ«ኤል-ኦ-ጂ-ዋይ» የሚያበቁ የትምህርት ስሞች ሁሉ ለስላሳ ናቸው። በቃል መጨረሻ ላይ ያለ «ጂ-ኢ»ም «ግ» የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው «ጂ-ኢ-አር» የሚለው መጨረሻ ነው። ቁጣ «ኤ-ኤን-ጂ-ኢ-አር» ሲሆን በ«ግ» ይነበባል። ከፊቱ አንድ «ዲ» ብቻ ሲጨመርበት አደጋ ይሆናል፣ «ዲ-ኤ-ኤን-ጂ-ኢ-አር»፤ ያን ጊዜ ግን በ«ጅ» ይነበባል፣ አናባቢውም ይለወጣል። በመካከላቸው የሚለይ ምልክት የለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ መያዝ ብቻ ነው መፍትሔው። ሆኖም ከቃሉ ላይ ቅጥያውን መላጥ የሚቻል ከሆነ ሥራው ይቀላል። ሥራ አስኪያጅ ማለት የሆነው «ኤም-ኤ-ኤን-ኤ-ጂ-ኢ-አር» በ«ጂ-ኢ» ካበቃ ግሥ የወጣ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ዘፋኝ ማለት የሆነው «ኤስ-አይ-ኤን-ጂ-ኢ-አር» ግን በ«ኤን-ጂ» ካበቃ ግሥ የወጣ በመሆኑ «ጅ» አይገባበትም፤ በአፍንጫ የሚወጣው የ«ኤን-ጂ» ድምፅ ብቻ ይሰማበታል።

ሁለት «ጂ» ሲደራረቡ፣ እንደ «ቢ-አይ-ጂ-ጂ-ኢ-አር»፣ ማለትም ይበልጥ ትልቅ፣ ድምፁ ጠንካራ ነው። ሐሳብ ማቅረብ ማለት የሆነው «ኤስ-ዩ-ጂ-ጂ-ኢ-ኤስ-ቲ» እና ማጋነን ማለት የሆነው «ኢ-ኤክስ-ኤ-ጂ-ጂ-ኢ-አር-ኤ-ቲ-ኢ» ግን ልዩ ናቸው፤ በሁለቱም «ጅ» ይሰማል። የመጀመሪያውን ብዙ አሜሪካውያን «ግ» እና «ጅ» አከታትለው ይሉታል።

ከፈረንሳይኛ የገቡ ጥቂት ቃላት ደግሞ በ«ዥ» ይነበባሉ። «ጋራዥ» የሚለውን በአማርኛም በ«ዥ» ስለምንለው ይህን ለማስታወስ አይቸግርም፤ «ማሳጅ» የምንለው ቃል ግን በእንግሊዝኛ በ«ዥ» ነው የሚያበቃው።

እርምጃ 5፦ ዘብ የሚቆሙትን ፊደላት ይወቁ

በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ውስጥ ራሳቸው የማይነበቡ፣ ነገር ግን የጎረቤታቸውን ድምፅ ለመጠበቅ ብቻ የቆሙ ፊደላት አሉ። ሥራቸውን ያላወቀ ሰው ትርፍ ይመስሉትና ሲጽፍ ይጥላቸዋል።

«ጂ» ከ«ኢ» ወይም ከ«አይ» በፊት ጠንካራ ሆኖ እንዲቀር ሲፈለግ በመካከል «ዩ» ይገባል። እንግዳ «ጂ-ዩ-ኢ-ኤስ-ቲ»፣ መሪ ወይም መምሪያ «ጂ-ዩ-አይ-ዲ-ኢ»፣ ጊታር «ጂ-ዩ-አይ-ቲ-ኤ-አር» ይጻፋሉ፤ «ዩ» አትነበብም። «ሊግ» የሚለውም በ«ጂ-ዩ-ኢ» የሚያበቃው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋ ማለት በሆነው «ኤል-ኤ-ኤን-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ-ኢ» እና በ«ፔንግዊን» ውስጥ «ዩ» ትሰማለች፤ «ግው» ተብላ ትነበባለች።

የማትነበበው የመጨረሻ «ኢ» ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ታለሰልሳለች። ማቀፍ «ኤች-ዩ-ጂ» ነው፤ መጨረሻው ላይ «ኢ» ሲጨመር «ኤች-ዩ-ጂ-ኢ»፣ ግዙፍ፣ ይሆናል፤ «ግ» ወደ «ጅ» ተለወጠ፣ አናባቢውም ረዘመ። አንዷ «ኢ» ሁለት ሥራ ሠራች።

ለ«ሲ» ዘብ የምትቆመው «ኬ» ናት። በ«ሲ» ያበቃ ግሥ «አይ-ኤን-ጂ» ወይም «ኢ-ዲ» ሲቀጠልበት «ሲ» እንዳትለሰልስ «ኬ» ትገባለች፤ መደናገጥ «ፒ-ኤ-ኤን-አይ-ሲ» ሲሆን ያለፈው ጊዜው «ፒ-ኤ-ኤን-አይ-ሲ-ኬ-ኢ-ዲ» ይሆናል። ሽርሽር መውጣትን የሚገልጸው «ፒ-አይ-ሲ-ኤን-አይ-ሲ»ም እንዲሁ ነው።

እርምጃ 6፦ ቅጥያ ሲጨምሩ «ኢ»ን ከመጣልዎ በፊት ያቁሙ

በማትነበብ «ኢ» የሚያበቃ ቃል በአናባቢ የሚጀምር ቅጥያ ሲጨመርበት «ኢ» ትወድቃለች ተብሎ ተምረናል። በ«ሲ-ኢ» እና በ«ጂ-ኢ» የሚያበቁ ቃላት ግን ይህንን በከፊል ብቻ ይቀበላሉ። ቅጥያው በ«ኤ» ወይም በ«ኦ» የሚጀምር ከሆነ «ኢ»ን ያስቀሯት፤ ካልቀረች «ሲ» እና «ጂ» ከ«ኤ» ወይም ከ«ኦ» ጋር ተጋፍጠው ይጠነክራሉ። ማስተዋል «ኤን-ኦ-ቲ-አይ-ሲ-ኢ» ሲሆን፣ ሊስተዋል የሚችል «ኤን-ኦ-ቲ-አይ-ሲ-ኢ-ኤ-ቢ-ኤል-ኢ» ይሆናል። ድፍረት «ሲ-ኦ-ዩ-አር-ኤ-ጂ-ኢ» ሲሆን ደፋር «ሲ-ኦ-ዩ-አር-ኤ-ጂ-ኢ-ኦ-ዩ-ኤስ» ይሆናል። ቅጥያው በ«አይ» ሲጀምር ግን «አይ» ራሷ ስለምታለሰልስ «ኢ» መቆየት አያስፈልጋትም፤ «ኤን-ኦ-ቲ-አይ-ሲ-አይ-ኤን-ጂ» ተብሎ ይጻፋል።

አንድ ልዩ ቃል አለ። ጫፉን ለብለብ አድርጎ ማቃጠል ማለት የሆነው «ኤስ-አይ-ኤን-ጂ-ኢ» «አይ-ኤን-ጂ» ሲቀጠልበትም «ኢ»ን ይዞ ይቆያል፤ አለዚያ መዝፈን ከሚለው ቃል ጋር አንድ ይሆናል።

እርምጃ 7፦ ቃላትን በቤተሰብ ያጥኑ

የአንድ ሥር ቃላት ቅጥያ ሲጨመርባቸው ፊደላቸው ሳይለወጥ ድምፃቸው ይለወጣል። «ኢ-ኤል-ኢ-ሲ-ቲ-አር-አይ-ሲ» መጨረሻው «ክ» ነው፤ «አይ-ቲ-ዋይ» ተጨምሮበት ኤሌክትሪክ ኃይል የሚል ስም ሲሆን ያው «ሲ» «ስ» ትሆናለች፤ «አይ-ኤ-ኤን» ተጨምሮበት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ «ሽ» ትሆናለች። አንድ ፊደል፣ ሦስት ድምፅ። ይህ እርምጃ የሚጠቅመው በተለይ ለሚጽፍ ሰው ነው፤ የሰማውን «ስ» ወይም «ሽ» እንደሰማው ለመጻፍ እጁ ሲያመነታ የቃሉን ሥር ካስታወሰ «ሲ» መሆኗን ያውቃል። በደብተርዎ ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ቤተሰቦችን በየጊዜው ያክሉ።

እርምጃ 8፦ ከድምፅ ወደ ፊደል ይመለሱ

እስካሁን ያየነው ማንበብን ነው። የሰሙትን ሲጽፉ ሕጉን ገልብጠው ይጠቀሙበት።

«ክ» ከሰሙና ቀጥሎ የሚጻፈው «ኤ»፣ «ኦ»፣ «ዩ» ወይም ተነባቢ ከሆነ ብዙ ጊዜ «ሲ» ይጻፋል። ቀጥሎ «ኢ»፣ «አይ» ወይም «ዋይ» ከሆነ ግን «ሲ» አይሠራም፤ «ኬ» ይጻፋል፤ ንጉሥ «ኬ-አይ-ኤን-ጂ»፣ ቁልፍ «ኬ-ኢ-ዋይ» የሚጻፉት ለዚህ ነው። «ኬ» ፈጽማ አትለሰልስም። አጭር አናባቢ ባለው ባለ አንድ ክፍለ ቃል መጨረሻ ላይ «ሲ-ኬ» ይጻፋል፤ ጀርባ «ቢ-ኤ-ሲ-ኬ» ነው።

«ጅ» ከሰሙና ድምፁ በቃሉ መጨረሻ ከሆነ «ጄ» አይጻፍም፤ የእንግሊዝኛ ቃላት በ«ጄ» አያበቁም። አናባቢው አጭር ሆኖ «ጅ» ወዲያው ከተከተለው «ዲ-ጂ-ኢ» ይጻፉ፤ ድልድይ «ቢ-አር-አይ-ዲ-ጂ-ኢ» ነው። አናባቢው ረጅም ከሆነ ወይም በመካከል ተነባቢ ካለ «ጂ-ኢ» ይበቃል፤ ገጽ «ፒ-ኤ-ጂ-ኢ»፣ ሰፊ ወይም ትልቅ «ኤል-ኤ-አር-ጂ-ኢ» ይጻፋሉ። በቃል መጀመሪያ ላይ ከ«ኤ»፣ «ኦ» እና «ዩ» በፊት «ጄ» ይጻፋል።

«ስ»ን በተመለከተ በ«ኤስ» እና በ«ሲ» መካከል የሚለይ ቁርጥ ያለ ሕግ የለም፤ መዝገበ ቃላት ይመልከቱ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*በፊደሉ ስም መታለል።* «ሲ» እና «ጂ» የሚሉት ስሞች ራሳቸው በለስላሳ ድምፅ የሚጀምሩ ስለሆኑ ጀማሪ አንባቢ ለስላሳውን እንደ ዋና ድምፅ ይቆጥረዋል። በማንኛውም ገጽ ላይ ጠንካራው «ሲ» ከለስላሳው በዝቶ ያገኙታል፤ በቀለም ያሰመሩበትን ገጽ ቆጥረው ያረጋግጡ።

*የአማርኛውን የውሰት ቃል እንደ ማስረጃ መውሰድ።* የውሰት ቃላት ጥሩ ረዳት ቢሆኑም ከእንግሊዝኛ ብቻ ስላልመጡ አንዳንዴ ያሳስታሉ። «ማርጋሪን» በአማርኛ በ«ጋ» ይባላል፣ አጻጻፉም በ«ጂ-ኤ» ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ሕጉን ጥሰው በ«ጃ» ያነቡታል። «ጊጋባይት» ደግሞ ከ«አይ» በፊት ያለው «ጂ» ጠንካራ የሆነበት ቃል ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛው ትክክል ነው።

*ከሌላ ቋንቋ በገቡ ቃላትና በስሞች ላይ ሕጉን በግድ መጫን።* ቼሎ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ በ«ሲ-ኢ» ቢጀምርም በ«ች» ይነበባል። «ሲ-ኢ-ኤል-ቲ-አይ-ሲ» ሕዝቡንና ቋንቋውን ሲያመለክት ብዙ ጊዜ «ኬልቲክ»፣ የግላስጎው እግር ኳስ ክለብ ስም ሲሆን ግን «ሴልቲክ» ይባላል። «ጂ-አይ-ኤፍ» የተባለው የምስል ፋይል ዓይነት መጠሪያ በሁለቱም ድምፅ ስለሚነገር በእሱ ላይ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው።

ራስዎን ይፈትኑ

የሚከተሉትን ቃላት ገልብጠው በሁለቱ ቀለማት ካሰመሩ በኋላ ብቻ መልሶቹን ይመልከቱ።

1. ሲ-ኤ-ኤን-ሲ-ኢ-ኤል (መሰረዝ)
2. ጂ-አይ-ጂ-ኤ-ኤን-ቲ-አይ-ሲ (እጅግ ግዙፍ)
3. ቪ-ኤ-ሲ-ሲ-አይ-ኤን-ኢ (ክትባት)
4. ዲ-ኢ-ኤል-አይ-ሲ-አይ-ኦ-ዩ-ኤስ (ጣፋጭ)
5. ጂ-ዩ-አይ-ኤል-ቲ-ዋይ (ጥፋተኛ)
6. ቢ-ኤ-ጂ-ጂ-ኤ-ጂ-ኢ (ሻንጣና ጓዝ)
7. ኤ-አር-አር-ኦ-ጂ-ኤ-ኤን-ሲ-ኢ (ትዕቢት)
8. ጂ-ኢ-ኢ-ኤስ-ኢ (ዝይዎች)

መልስ፦ 1. ክ፣ ስ። 2. ጅ፣ ግ፣ ክ። 3. ክስ። 4. ሽ። 5. ግ። 6. ግ፣ ጅ። 7. ግ፣ ስ። 8. ግ።

አንደኛውን፣ ሁለተኛውን ወይም ሰባተኛውን ከሳቱ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ሳያዩ አንብበዋል ማለት ስለሆነ ወደ እርምጃ 1 ይመለሱ። ሦስተኛውን ከሳቱ እርምጃ 2ን፣ አራተኛውን ከሳቱ እርምጃ 3ን፣ አምስተኛውን ከሳቱ እርምጃ 5ን ይድገሙ። ስድስተኛውን የሳተ የተደራረበውን «ጂ» ከእርምጃ 4 እንደገና ያንብብ። ስምንተኛውን «ጅ» ብለው ያነበቡ ከሆነ ሕጉን በትክክል ሠርተውበታል፤ ቃሉ ከልዩዎቹ አንዱ ነውና በሰማያዊው ዝርዝር ላይ ይጨምሩት።